የሾላ በሩ ሰይድ

ገና ልጅ ሳለሁ፣ ከምኖርባት ከካርቱም ይልቅ አንዴም ረግጫት የማላውቅ አንዲት ትንሽ ከተማ ትቀርበኝ ነበር። ሾላ በር ትባላለች። ወሎ ውስጥ፣ በአውራ ጎዳና ዳር ያለች፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ወፍጮ፣ አንድ ትምህርት ቤትና ሐሙስ ሐሙስ የሚቆም ገበያ ያላት ከተማ ናት። እኔ የተወለድኩት እዚሁ ሱዳን ነው፤ ሾላ በርን ያወቅኋት ጋሽ ምትኩ ከሚባሉ ጎረቤታችን አፍ ነው።

ያኔ የምንኖረው ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ ቤት ጀርባ፣ ሱዳኖች ሆሽ በሚሉት በግንብ የታጠረ ግቢ ነበር። በግቢው አራት ክፍሎች በተርታ ቆመዋል። በአንዱ እኔና እናቴ እንኖራለን፤ አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ቤት የሚያድረው ከስንት አንዴ ነው። በሁለተኛው ጋሽ ምትኩ ብቻቸውን ይኖራሉ። በሦስተኛው ልጆች ያሏቸው የጎንደር ሰዎች ነበሩ። አራተኛውን በሰው ቤት የሚሠሩ የወሎ ሴቶች በጋራ ተከራይተውት፣ ዓርብ ዓርብ በእረፍት ቀናቸው ይመጡበታል።

ጋሽ ምትኩ አገር ቤት መምህር ነበሩ። እኔ ሳውቃቸው ግን ባሕሪ በሚባለው ሰፈር፣ ከድልድዩ ማዶ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ባትሪ ይጠግኑ ነበር። አሲዱ ሸሚዛቸውን ሁሉ በሳስቶታል፤ የጣቶቻቸውን ቆዳ ልጦታል። ማታ ማታ ድልድዩ ላይ መኪናው ሲጨናነቅ ሐፍላ በሚሉት አውቶብስ ውስጥ ቆመው ይመጡና፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በብረቱ በር ገብተው፣ ደጅ በወጣው አንገረባቸው፣ በዚያ የገመድ አልጋ ላይ፣ ዘፍ ይላሉ። ለጥቂት ጊዜ ማንም አያናግራቸውም። እናቴ በወተት የፈላ ሻይ ታቀርብላቸዋለች፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠጡታል።

ያኔ መብራት የማይጠፋበት ምሽት ብርቅ ነበር። «ከህረባ ሄደ!» እያልን ልጆቹ ስንጮህ፣ እናቴ ፋኖሱን ለኩሳ ሻዩ ከፈላበት ከሰል አጠገብ ታስቀምጠዋለች። ፍሙ አመድ እየለበሰ ሲሄድ፣ የላምባው ጭስ ውሃ ከተረጨው ከግቢው አፈር ሽታ ጋር ሲቀላቀል፣ ጋሽ ምትኩ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። እኛም ተሽቀዳድመን አንገረቡን እንከባለን።

የሚያወሩት የአንበሳና የቀበሮ ተረት አልነበረም። ሾላ በርን ነበር የሚያወሩት። አንድ ዓመት ለበዓል ወደ ከተማዋ የገባው አንድ ጣቃ ጨርቅ ብቻ ስለነበር ልብስ ሰፊው ለወንዱ ሁሉ አንድ ዓይነት ባለመስመር ሱሪ መስፋቱን፣ አንዲት ሴትም በዚያ የተነሳ ባሏ መስሏት የወፍጮ ቤቱን ባለቤት ከኋላው በጥፊ ማለቷን ነገሩን። የቀትር አውቶብስ ሲደርስ ከተማው በሙሉ ማን እንደሚወርድ ለማየት እንደሚወጣ፣ ማንም ካልወረደ ደግሞ ከለቅሶ እንደሚመለስ ሰው አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ እንደሚገባ ነገሩን። የጎንደሮቹ ልጆች ይስቃሉ፤ እኔ ደግሞ ከመሳቅም አልፌ በቃሌ እይዘዋለሁ።

ከሁሉ የምንወደው ግን የሰይድን ታሪክ ነበር። ሰይድ የትምህርት ቤቱ ዘበኛና ደወል ደዋይ ነው። ደወሉም ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ፣ በብረት የሚመታ የመኪና ቸርኬ ነው። ሰይድ ሰዓት የለውም፤ ጊዜን የሚለካው በዛፉ ጥላ ነው። ደመና የሆነ ቀን ትምህርቱ ወይ ያጥራል ወይ ይረዝማል። ጋሽ ምትኩ ሰይድን ለማስመሰል ተነስተው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ይጋርዱና ሰማዩን ግራ ቀኝ ያያሉ፤ መዳፋቸው ላይ እንትፍ ብለው ብረቱን ያነሳሉ፤ ከዚያ በወሎ ቅላጼ «ደረሰ መሰለኝ!» ይላሉ። እኛ ሆዳችንን ይዘን መሬት ላይ እንንከባለላለን።

ታሪኩ የሚያልቀው ሁልጊዜ በአንድ ቀን ነው። አንድ ጠዋት፣ ገና ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ፣ ሰይድ የመውጫውን ደወል ደወለ። ልጁ ሁሉ እንደ ጎርፍ ወጣ። መምህር ምትኩ ጠመኔ እንደያዙ ሊቆጡት ሲወጡ፣ ከአቧራው ማዶ በሩ ላይ የቆመ የወታደር መኪና አዩ። ለምን እንደመጣ ገባቸው። ኮታቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ሰብረው፣ በልጆቹ መሃል ወጡ፤ ወንዙን ተሻገሩ፤ ከዚያ በኋላ ሾላ በርን አላዩአትም።

«እኔን ያዳነኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ?» ይላሉ በመጨረሻ። «የሰይድ ሞኝነት! እግዜር ለኔ ብሎ ያን ቀን ጭንቅላቱን አዞረው።»

ዘይነባ የመጣችው በዘጠኝ ወይም በዐሥር ዓመቴ ነው። አራተኛውን ክፍል ከተከራዩት አንዷ ሆነች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሥራ ያደከማት ወጣት ነበረች። በመጣች በመጀመሪያው ዓርብ አመሻሽ ጓደኞቿ ሰርግ ሄደው እሷ ብቻዋን ቀረች። እናቴ ጠርታ ሻይ ሰጠቻት። ጋሽ ምትኩ ማዮ ሰፈር የታመመ ወዳጃቸውን ሊጠይቁ ሄደው ገና አልተመለሱም።

ዘይነባ እንድትስቅ ፈለግሁ። የአባቴን ኮት አውጥቼ ለበስኩ፤ እጅጌው መዳፌን ውጦታል። እጄን ግንባሬ ላይ ጋርጄ ሰማይ አየሁ። እንትፍ አልኩ። «ደረሰ መሰለኝ!» ብዬ የእናቴን ድስት በማንኪያ መታሁት።

ዘይነባ አልሳቀችም። ብርጭቆዋን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

«ይሄን ማን አሳየሽ?»

«ጋሽ ምትኩ። ሾላ በር የሚባል አገር አለ፤ እዚያ ሰይድ የሚባል ሞኝ...»

«አባቴ ነው» አለች።

እኔ ጅሏ ደስ አለኝ። ከተረት ውስጥ ሰው ወጥቶ አጠገቤ የተቀመጠ መሰለኝ። ሌላ ልጠይቃት አፌን ስከፍት የብረቱ በር ተንቋቋና ጋሽ ምትኩ ገቡ። ዘይነባ ብድግ አለች።

«አንቱ መምህር ምትኩ ነዎት? የሾላ በሩ?»

«ነበርኩ» አሉ እየሳቁ። «አሁን እንኳ የማስተምረው ባትሪ ነው። አንቺስ የማን ነሽ?»

«የሰይድ ልጅ ነኝ። የደወል ደዋዩ።»

ጋሽ ምትኩ ድካማቸው ሁሉ ከላያቸው ረገፈ። ትከሻዋን ይዘው ጉንጯን እያገላበጡ ሳሟት። «የኛ ሰይድ! አለ? ደህና ነው? ያ ቀኑን በጥላ የሚሰፍር! አሁንም ደረሰ መሰለኝ ይላል?»

«አለ፣ አልሐምዱሊላህ» አለች። ከዚያ ትከሻዋን ከእጃቸው ቀስ ብላ አወጣች። እናቴ ፋኖሱን ለኩሳ ቆማ ነበር፤ እሷም የሆነ ነገር ገብቷት መሰለኝ፣ አላስቀመጠችውም።

«መምህር» አለች ዘይነባ፣ «ያን ቀን አባቴ አልተሳሳተም።»

«የቱን ቀን?»

«የሄዱበትን ቀን። እኔ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ወታደሮቹ በሩ ላይ መጥተው የምትኩ ክፍል የትኛው ነው አሉት። ቆዩ፣ ዳይሬክተሩን ልጥራላችሁ ብሏቸው ገባ። ገብቶ ደወሉን መታ። እርስዎ በልጆቹ መሃል እንዲወጡ ብሎ ነው።»

ጋሽ ምትኩ ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንደቀረ አዩዋት።

«እነሱም ኋላ ገባቸው» አለች። «ቸርኬውን በመታበት ብረት እጁን ሰበሩት። ቀኙን። እስከዛሬ ወደ ላይ አይነሳም። በግራው ሲበላ ሰው ፊት ያፍራል፤ ብቻውን ነው የሚበላው።»

ይህን ስትል አልጮኸችም፤ አላለቀሰችምም። የደረሰውን እንደ ደረሰ ተናገረች። ጋሽ ምትኩ አንገረቡን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ።

«እኔ እኮ...» አሉ። «ይሄን ሁሉ ዓመት... ለሰው ሁሉ...»

«አላወቁማ። አብሽሩ መምህር።»

የተበደለችው እሷ ሆና፣ የምታጽናናቸው እሷ ነበረች። እኔ የአባቴን ኮት እንደለበስኩ መሃል ላይ ቆሜያለሁ። ባወልቀው የሚያዩኝ መሰለኝ፤ ባላወልቀውም የሚያዩኝ መሰለኝ። በሕይወቴ በብዙ ነገር አፍሬአለሁ፤ እንደዚያ አመሻሽ ግን ያፈርኩ አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲያ ተረቱ ቆመ። መብራት ይጠፋል፣ እንጮሃለን፣ ፋኖሱ ይለኮሳል፣ ጋሽ ምትኩ ግን ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዙረው ይተኛሉ። «ዛሬ ደክሞኛል ልጆቼ» ይላሉ። በማግስቱም ደክሞኛል ነው። ሾላ በርን የዘጋኋት እኔ እንደሆንኩ ስላመንኩ ለእናቴ እያለቀስኩ ነገርኳት። «ተዪው» አለችኝ ፀጉሬን እየሠራች። «እስከዛሬ ድካሙን ያስረሳው ሳቁ ነበር። አሁን ይድከመው፣ ተዪው።»

ዘይነባ ለዓረፋ አገር ቤት ልትሄድ ስትነሳ፣ ጋሽ ምትኩ አንድ አዲስ ካሴት ይዘው መጡና ቴፓችንን ተዋሱ። ያኔ ሰው ለዘመዱ ድምፁን ቀድቶ ይልክ ነበር። ቀይዋን የመቅጃ ቁልፍ የምጫነው እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ምሽት «ሰይድ፣ እኔ ነኝ» አሉና አጥፊው አሉኝ። በሁለተኛው ምሽት ያንኑ ብለው ያንኑ አደረጉ። ሐፍላ ውስጥ ያዩትን ሰው እንኳ ግማሽ ሰዓት የሚተርኩት ሰውዬ፣ ለዚያ ሰው የሚሉት ጠፋቸው።

በሦስተኛው «ምንም ቢሆን እንዳታጠፊው» አሉኝ። እንዲህም አሉ፤ «ሰይድ። ምትኩ ነኝ። በሕይወት አለሁ። ያለሁትም ባንተ ነው። ሳላውቅ ስስቅብህ ኖሬአለሁ። ይቅር በለኝ።» ሌላ አልጨመሩም። ክሩ ግን እየዞረ ነበር፤ እንዳልነካው በእጃቸው ከለከሉኝ። ከሰሉ ሲንጣጣ፣ ከግንቡ ማዶ መኪና ሲያልፍ፣ የጎንደሮቹ ሕፃን ሲነጫነጭ፣ ሁሉም እየተቀዳ፣ ካሴቱ ራሱ ቀጭ ብሎ እስኪቆም ድረስ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

ዘይነባ ስትመለስ ሙቀቱ በርዶ ነበር። አባቷ ካሴቱን ሁለቴ እንዳዳመጠው፣ በሁለተኛው ዝምታውንም ጭምር እስከ መጨረሻው እንደሰማው ነገረችን። ከዚያ መልእክቱን በቃል ሰጠቻቸው።

«ለመምህር ንገሪው ብሏል። ደወሉን የመታሁት ለሱ ብቻ ብዬ አይደለም። ልጆቹ መምህራቸው ሲጎተት እንዳያዩ ነው። አንቺም ከመሃላቸው ነበርሽ አለኝ። ደግሞ መንግሥቱም ተለውጧል፣ መንገዱም ክፍት ነው፣ ይምጣና ይየን ብሏል።»

ጋሽ ምትኩ ይህን ሲሰሙ ሁለት እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ጣቶቻቸውን ሲያዩ ቆዩ። «እሄዳለሁ» አሉ። «ኢንሻአላህ፣ ክረምቱ ይውጣ እንጂ እሄዳለሁ።»

ክረምቱ ወጣ። አንድ ዓመት ወረቀት አላለቀልኝም አሉ፤ አንድ ዓመት ጋራዡ አልለቀቀኝም አሉ። መተረኩን ጀምረው ነበር፤ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። አሁን የሚነግሩን ሰይድ ጠዋት ጠዋት ግቢውን እንዴት እንደሚጠርግ፣ ብርድ ሲሆን ለመምህራኑ እሳት እንደሚያነድ፣ ትንንሾቹን ወንዙን እንደሚያሻግር ነው። የሚያስቅ ነገር የለበትም። የጎንደሮቹ ልጆች አንድ በአንድ ወደ ኳሳቸው ተመለሱ፤ እኔ ብቻ ቀረሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም አንዳንዴ ያዛጋኝ ነበር። አንድ ቀን የሰይድ መርዶ መጣ። ጋሽ ምትኩ በማግስቱ እንደ ወትሮው በሐፍላ ወደ ባሕሪ ሄዱ፤ እንደ ወትሮውም ተመለሱ። ብዙ ቆይተው እዚሁ ካርቱም አረፉ፤ የቀበርናቸው ጥቂት ሰዎች ነን።

አሁን እኔ ራሴ ጋሽ ምትኩ ያኔ የነበሩበት ዕድሜ ውስጥ ገብቻለሁ። ካርቱም ላይ ጦርነት ተነስቶ ተኩሱ ሲበረታ ከልጄ ከሳራ ጋር ከከተማው ወጥተን፣ ተንከራተን ተመልሰናል። ሆሹ ሰው የለውም፤ የምንኖረው ራቅ ብሎ በተከራየነው አንድ ክፍል ነው። ሆስፒታል ልብስ አጥባለሁ። ቤት ስገባ ወገቤ አይታጠፍም፤ መብራቱም ከነበረው ይብሳል። ሳራ አማርኛዋ ግማሹ ዓረብኛ ነው፤ ቢሆንም ሲጨልም አውሪልኝ ትላለች። ባለፈው ሰሞን ሰይድን አወራኋት። ሳልቀንስ ነገርኳት፤ የሳቅንበትንም፣ እጁንም፣ ካሴቱንም።

«ባዕዴን?» አለችኝ፤ ከዚያስ ማለቷ ነው። «ኡስታዙ ሄደ?»

«አልሄደም።»

«ለምን? መንገዱ ክፍት ነበር አላልሽም?»

ለብዙ ዘመን ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበረኝ። አፍረው ነው እል ነበር፤ ያን እጅ ማየት ፈርተው ነው እል ነበር። እንዲህ ስል ራሴን ብልህ አድርጌ እቆጥር ነበር። አሁን ግን ወደ ኢትዮጵያ እንሂድ ብዬ የጀመርኩት ሻንጣ አልጋ ሥር ከገባ ስንት ጊዜው፤ ሳልሞላውም ሳልፈታውም ተቀምጧል። ፍርሃት አይደለም፤ ኀፍረትም አይደለም። ጠዋት እነሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ እመለሳለሁ፤ ቀኑ በዚያው ያልቃል።

«ደክሟቸው ነበር» አልኳት።

ሳራ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ የተኛች መስሎኝ ፋኖሱን ዝቅ ላደርግ እጄን ሰነዘርኩ።

«ሰይድ ግን ጠብቆታል?» አለችኝ።

ይህን አስቤው አላውቅም። ይህን ሁሉ ዓመት ታሪኩን ከጋሽ ምትኩ አንገረብ ላይ ሆኜ ስናገረው፣ ወዲያ ማዶ ና ብሎ የላከ ሰው መኖሩን፣ ያ ሰውዬ ደጁ ላይ ምን ሲያደርግ እንደከረመ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። ዘይነባ ታውቅ ይሆናል፤ ስልኳ ግን ከተኩሱ ወዲህ አይነሳም። ከሾላ በር ይህን ያህል ነገር በቃሌ ይዤ፣ የከተማውን ልብስ ሰፊና የሱሪውን መስመር ሳይቀር እያወቅሁ፣ ይህችን አንዲቷን አላውቃትም። አንድ የሚያምር መልስ ልፈጥርላት እችል ነበር፤ ለመተኛትም ይጠቅማት ነበር።

«አላውቅም ልጄ» አልኳት። «አልጠየቅሁም።»