ካፖርቱን የገዛሁበት ዳቦ

ሲያስሩኝ ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ወደ ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ወለሉ ላይ ተጠጋግተን እንውላለን፤ ቆርቆሮው ቀን ይግላል፣ ሲመሽ የእስቴ ብርድ ይገባል። ፖለቲከኛ አይደለሁም። መካነ ኢየሱስ ከተማ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር፤ ከማስተማሩ ጎን ለጎን ምስር እነግድ ነበር።

መነሻዬ የአንድ በሬ ዋጋ ነበር። በእንዲህ ያለ ገንዘብ የሚነግድ ሰው ቀኑን ሙሉ ልቡ ተንጠልጥሎ ይውላል። ክፍል ውስጥ ስልኬን ከጠመኔው ጋር ይዤ ዋጋ እጠይቃለሁ። ትንሽ ቀነስ ሲል እደነግጥና እሸጣለሁ፤ በሸጥኩ በሳምንቱ ይወደዳል። ሁልጊዜ የሚገዛኝ አንድ ትልቅ ነጋዴ ነበር። ቸኩዬ መምጣቴን ስለሚያውቅ ዋጋ አይጠራም፤ ዝም ብሎ ሻይ ያዝዝልኛል። ሻዩን ሳልጨርስ እኔው ዋጋዬን እቀንሳለሁ።

በመጨረሻ እልህ ያዘኝ። ምስሬን ወገዳ ዘመድ ቤት አስቀመጥኩና ነጋዴውን፣ ምስሬ ወገዳ ነው፤ የአሁኑን እስኪወደድ አልሸጥም አልኩት። ለሌላ ለማንም አልተናገርኩም። በሳምንቱ ተያዝኩ። መርማሪው መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ ወገዳ ያከማቸሁት ስንቅ ለየትኞቹ ታጣቂዎች እንደሆነ ነው። ማን እንደጠቆመኝ ያኔውኑ ገባኝ። ዘመዴ ደንግጦ ምስሩን በወረደ ዋጋ ሸጠው። የገዛው ያው ነጋዴ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በሩ ተከፈተና ነጋዴውን ራሱን አስገቡት። የጭነት መኪናው በዚያው ክስ ተይዞ ኖሯል። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ወፍራም ካፖርት ለብሷል፤ ሌላ ምንም አልያዘም። እዚያ የምንበላው ቤተሰብ የሚያመጣውን ነው። የአዲስ ገቢ ቤተሰብ ሰውየው የት እንዳለ እስኪያውቅ ቀናት ስለሚፈጅ እስረኛው ያካፍለዋል። እኔ ግን ጠቋሚ መሆኑን ለሁሉም ነገርኩ። ምግብ ሲመጣ ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን በላን። የተቃወሙት ከስማዳ የመጡ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ።

«ልጄ፣ ሰው እያየ ለብቻ መብላት ነውር ነው።»

«እሱ እኮ እኔን ነው የበላኝ፣ አባቴ» አልኳቸው። እሳቸውም ሰሃናቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

በማግስቱ ነጋዴው ተጠጋኝና ካፖርቱን በሦስት ቀን ምግብ እንድገዛው ጠየቀኝ። አንቱታዬን ሳልተው፣ ነገ እንነጋገራለን አልኩት። በሁለተኛው ቀን ወደ አንድ ቀን ምግብ ወረደ። አሁንም ነገ አልኩት። እንደ እሱ ዝም ብሎ መጠበቅ እንዴት እንደሚጥም ያኔ አወቅሁ። በሦስተኛው ቀን በአንዲት ዳቦ ገዛሁት።

ካፖርቱን አጣጥፎ ሰጠኝ። ዳቦውን ሲቀበል ከንፈሩ ደርቋል። ወደ ግድግዳ አልዞረም። መሀል ላይ ተቀምጦ ለሁለት ቆረሰና ግማሹን ወደ እኔ ዘረጋ።

«መምህር፣ እንብላ።»

በልቻለሁ አልኩት። ለሌሎቹም አቀረበላቸው፤ እሱ የጎረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሽማግሌው ሰሃናቸውን አንስተው ሄደው አጠገቡ ተቀመጡ፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏቸው። እኔ ካፖርቱን ታቅፌ ቀረሁ። ጠዋት ልመልስለት ብሞክር አልተቀበለኝም።

«ሸጫለሁ እኮ» አለኝ በብርድ እየተንዘፈዘፈ።

አሁን ሁለታችንም ተለቀናል። እሱ ዛሬም ትልቅ ነጋዴ ነው፤ እኔ ንግዱን ትቻለሁ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም ይለኛል፤ እኔም እመልሳለሁ። ሚስቴ ይቅር በለው ትለኛለች። ጥቆማውንም ምስሩንም ይቅር እለው ይሆናል። ያችን ግማሽ ዳቦ ግን በሕይወት እስካለሁ ይቅር አልለውም።