በጋሽ ተክሌ ክንድ ልክ

ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ ገብቼ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስወርድ ከጋራዡ ውስጥ ወረቀት ሲቀደድ ሰማሁ። ትንሽ ጭጭ አለና ደገመ። ሌላ ሰው ቢሆን ምን እንደሆነ አይገባውም ነበር። እኔ ግን ወዲያው ለየሁት። ያንን ድምፅ ከሰማሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል፣ ግን አይረሳም። ፍላጻ የተወጠረ ወረቀት በስቶ ሲያልፍ እንደዚያ ነው የሚጮኸው።

በሩን ስከፍት ልጄ ሳሮን የወንድሜን ቀስት ይዛ ቆማለች። ወረቀቱን በእንጨት ፍሬም ላይ ወጥራዋለች፤ ከኋላው ፍላጻ የሚያስቆም ትልቅ የስፖንጅ ሳጥን አለ።

«ማሚ፣ ዶንት ፍሪክ አውት፣ አትደንግጪ» አለችኝ ገና አፌን ሳልከፍት።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከአንክል ደሬ ክሎዜት። ጠየቅኩት እኮ። ምንም አላለም።»

እሱማ ለማንም ምንም አይልም።

ሳሮን ኮሌጅ አቋርጣ ቤት ከገባች ወዲህ ቀን ቀን ስትተኛ ነው የምትውለው። ስለዚህ በእግሯ ቆማ፣ ፀጉሯን አስራ ሳያት ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ዓይኔ ወረቀቱ ላይ ተተከለ። ቀዳዳው ክብ አይደለም፤ ወደ ጎን ተተርትሯል።

«የፍላጻው ጭራ ወደ ግራ እየሄደብሽ ነው» አልኳት ሳላስበው።

ዞር ብላ አየችኝ። «ዌይት። አንቺ እንዴት አወቅሽ?»

እንዴት እንዳወቅኩ ያን ቀን አልነገርኳትም።

እኔና ታላቅ ወንድሜ ደረጀ ገና ወጣቶች ሳለን እዚህ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ከተማ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ አንድ አፓርትመንት ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ልብስ አጥባለሁ፣ እሱ መኪና ማቆሚያ ይጠብቃል። እንደ መጣን ሰሞን ደሬ ሳቂታ ነበር፤ አውቶቡስ ውስጥ የማያውቀውን ሰው ያስቅ ነበር። በሁለተኛው ዓመት በረዶው ሲጥል ዝም አለ። ምን እንደነካው እስከ ዛሬ አላውቅም። መጀመሪያ ሥራ ቀረ፣ ቀጥሎ ሰውነቱን መታጠብ ተወ፣ ቀጥሎ ከአልጋ መነሣት። ምስር ወጥ ሠርቼ አጠገቡ አስቀምጬለት እሄዳለሁ፤ ስመለስ ላዩ ደርቆ አገኘዋለሁ። እናታችን በስልክ «ደሬ የት አለ?» ስትለኝ «ሥራ ላይ ነው» እላታለሁ። ስልኩን ስዘጋ ከግድግዳው ወዲያ ሲገላበጥ ይሰማኛል።

ጋሽ ተክሌ የመጡት ያኔ ነው። ከኛ በፊት ብዙ ዓመት እዚህ የኖሩ ባለ ታክሲ ናቸው፤ በር ሲገቡ ጎንበስ የሚሉ፣ እጃቸው ጉልበታቸው ሊደርስ ምንም የማይቀረው ረጅም ሰው። በየመስከረሙ ተራራ ወጥተው ኤልክ ያድናሉ። ኤልክ አጋዘን የሚመስል፣ ፈረስ የሚያህል አውሬ ነው። አሮጌ ቀስታቸውን ይዘው መጡና ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጡለት።

«ተነሥ አንተ! እኅትህ ስታጥብ ትውላለች፣ አንተ እንደ አራስ ትተኛለህ! ገንፎ ይምጣልህ?»

ደሬ ሳቀ። ከስንት ወር በኋላ ሳቀ። እኔ ኩሽና ገብቼ የቧንቧ ውኃ ከፍቼ አለቀስኩ።

«በኔ ክንድ ልክ የተሠራች ናት። ማንም እጁን እንዳያስገባባት!» አሉት ሲወጡ፣ ጣታቸውን እያወዛወዙ። ቀልዳቸውን ነው። ደሬ ግን እንደ አደራ ያዘው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መነሣት ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ከኦሮራ ወጣ ብሎ ወዳለ የቀስት ሜዳ ይዞኝ ይሄዳል። ደረቅ ሣር ነው፤ ነፋሱ ፊት ይገርፋል። በፌስታል ፍርፍር ቋጥሬ ሻይ በፔርሙዝ እይዛለሁ። እሱ ይተኩሳል፣ እኔ ወረቀት እወጥራለሁ፣ ፍላጻ እለቅማለሁ። ማታ ሲበላ አያለሁ። ስለዚህ በልቤ አንድ ነገር ወሰንኩ፤ ይኼ ቀስት ከያዘልኝ ወንድሜ ይድናል፣ ከጣለው ግን ተመልሶ ይተኛል። ሌላ ተስፋ አልነበረኝም።

ቀስቱ ሁለት ጫፉ ላይ መዘውር አለው። በመለማመጃው ድፍን የፍላጻ ጫፍ ደሬ ጎበዝ ነበር፤ ፍላጻዎቹ ተቃቅፈው ያርፋሉ። ችግሩ የመጣው የአደኑ ጫፍ ሲገጠም ነው። ያኛው ምላጭ አለው፤ ምላጩ ከፊት እንደ ክንፍ ነፋስ ይይዛል። ድፍኑ ጫፍ የተኳሹን ጥፋት ይሸፍንለታል፣ ምላጩ ግን ያወጣበታል። በሃያ ያርድ፣ ማለት ሃያ እርምጃ ያህል፣ ሁለቱም አንድ ቦታ ይመታሉ። በአምሳ ያርድ ምላጩ ከስንዝር በላይ ወደ ቀኝ ይሸሻል። ደሬ ፍላጻው የሚያርፍባትን ትንሽ ሹካ በቁልፍ ፈታ አድርጎ፣ የፀጉር ያህል ወደ ግራ ይገፋታል። ተስተካከለ ብለን ፍርፍራችንን እንበላለን። በማግሥቱ ምላጩ ወደ ግራ ይሄድበታል። እንደገና ሹካውን ይመልሳል።

እኔ ስለ ቀስት ምንም የማላውቅ ሴት ነበርኩ፤ ግን ልብስ አጣቢ ነኝና ያልተለካ ልብስ አውቃለሁ። ቀስቱ ለደሬ ሰፊ ነበር። ገመዱን እስከ መጨረሻው ለመሳብ ክንዱን ግትር ያደርጋል፣ አንገቱን ወደ ኋላ ይጥላል፣ መዳፉ ይጠመዘዛል። እንደዚያ የተንጠራራ ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሊቆም አይችልም። ሹካዋ ምን አጠፋች?

አንድ ቀን አንድ ሽበታም ፈረንጅ ሲያየው ቆይቶ ጠጋ አለና፣ የገመዱ መሳቢያ ለክንድህ ረዝሟል፣ ሱቅ ብትወስደው ወዲያው ያሳጥሩልሃል አለው። ደሬ «ኦኬ፣ ቴንክ ዩ» ብሎ አመስግኖ ሸኘው። ከዚያ እዚያው ቆሞ ሹካዋን መግፋት ቀጠለ።

«ሰውየው የነገረህን አልሰማህም?» አልኩት።

«ሰምቻለሁ።»

«እና?»

«ጋሽ ተክሌ ሰጡኝ እንጂ አልሸጡልኝም። የሰጡኝን ዕቃ ሱቅ ወስጄ ጎደሎ ነው ልበል?»

«እንግዲያው ለሳቸው ንገራቸው።»

«ምን ብዬ? እጅዎ ረጅም ነው ልበላቸው?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ። ሲስቅ ማየት ናፍቆኝ ስለነበር አልተከራከርኩትም።

መስከረም ሲገባ ሦስታችን ተራራ ወጣን። ዳቦ ቆሎና ቋንጣ ይዣለሁ። የተራራው ዛፎች እንደ አደይ ቢጫ ሆነዋል፤ ሌሊቱን ጤዛው በረዶ ሠርቷል። ጎህ ሲቀድ ከአንድ የወደቀ ግንድ ኋላ ተደፍተን ሳለን አንዲት ሴት ኤልክ ከጫካው ወጣች። ትንፋሿ ይጨሳል።

«ያንተ ናት» አሉት ጋሽ ተክሌ በሹክሹክታ። «ራቅ ብላለች፤ ከቻልክ።»

ደሬ ተነሥቶ ሳበ። አንገቱ ወደ ኋላ ሲሄድ አየሁ። ለቀቀ። ፍላጻው በአየር ላይ፣ ጭቃ ያንሸራተተው ሰው እንደሚንገዳገድ፣ ጭራውን ሲያወዛውዝ አየሁት። ሆዷ ላይ፣ ወደ ኋላ ገባ። አልወደቀችም። ዞር ብላ አየችንና ቀስ ብላ ወደ ጫካው ተመለሰች።

ቆይተን ተከተልናት። ደሟ በቢጫው ቅጠል ላይ ጠብ፣ ጠብ ብሎ ነበር። ከዚያ ቀጠነ፣ ከዚያ ጠፋ። ደሬ እየተንበረከከ እያንዳንዱን ቅጠል ሲያገላብጥ ዋለ። ጋሽ ተክሌ «ሰው ይስታል ልጄ፣ እኔም ስንቴ ስቻለሁ» ቢሉት አይሰማም። ሲመሽ እጅጌውን ይዘው እየጎተቱ አወጡት። ቤት እንደገባን ቀስቱን ክሎዜት ውስጥ፣ ከልብሱ ኋላ አስቀምጦ ተኛ።

እስከ ዛሬ ተኝቷል ማለት ይቻላል። ሐኪም ጋ ወሰድኩት፣ ጸበል ወሰድኩት። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ቤት ቀየርኩ፤ እሱም ከነቀስቱ ከኔ ጋር ተሸጋገረ። ጋሽ ተክሌ ከመሞታቸው በፊት ታመው ልጠይቃቸው ሄጄ የመሳቢያውን ነገር ነገርኳቸው። ተቆጡኝ። «ለምን አልነገረኝም? ሁለት ብሎን ፈትቼ አሳጥርለት አልነበር? ቀልዴን እኮ ነው!» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እንግዲህ ቅዳሜ ዕለት ጋራዡ ውስጥ ሳሮንን «ሱቅ አሳይተሽዋል?» አልኳት።

«የስ፣ ገመዱን ቼንጅ አድርገውልኛል። መሳቢያውንም እናሳጥርልሽ አሉኝ፣ ኖ አልኳቸው። የአንክል ደሬ ነው፣ ሜስ ላደርገው፣ ላበላሽበት አልፈለግኩም።»

አማርኛዋ እንኳ በወጉ ያልሞላ፣ እዚህ ተወልዳ ያደገች ልጅ! ይኼን ማን አስተማራት? «ሹካዋን እንዳትነኪ» ብዬ ጮህኩባት። ሰኞ ራሴ ሱቅ ወሰድኳት። ሻይ ጠጥቶ ለመጨረስ እንኳ በማይበቃ ጊዜ ውስጥ በሷ ክንድ ልክ አደረጉላት።

ትናንት ሜዳው ሄድን። ደሬንም ለምኜ መኪና ውስጥ አስገባሁት። ሳሮን በአምሳ ያርድ መጀመሪያ ድፍኑን ተኮሰች፤ ቀጥላ ምላጩን። ጎን ለጎን አረፉ፤ በመካከላቸው ሁለት ጣት አይገባም። እየሮጠች ሄዳ እያሳየችን ጮኸች። እንደዚያ ስትጮኽ ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

የመኪናው በር ተከፈተና ደሬ ወረደ። ቀስቱን ከእጇ ተቀብሎ መዘውሩ ሥር ያለውን ብሎን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። እንደተነካ ወዲያው አወቀ።

«ጋሽ ተክሌን አስፈቅዳችኋል?» አለኝ።

ቀብራቸው ላይ ጥቁር ለብሶ ከጎኔ ቆሞ ነበር። ሳሮን ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«ፈቅደዋል» አልኩት።

«መቼ?»

ደሬ ቀስቱን ለሳሮን በሁለት እጁ መለሰላት። ተመልሶ መኪናው ውስጥ ገባ፣ ቀበቶውን አሰረ፣ ፊት ለፊት እያየ ተቀመጠ።

ሳሮን መስከረም ላይ ተራራ እወጣለሁ ትለኛለች። አትሂጂ ብላት ተመልሳ ትተኛብኛለች፤ ሂጂ ብላት ደግሞ ያቺ ከጫካው የምትወጣው ኤልክ አለች። ቀስቱ አሁን ልክ ነው፤ ቀዳዳው ክብ ነው፤ ምላጩ አይሸሽም። ለደሬ ይኼ ብቻ ነው የጎደለው ብዬ ይኼን ሁሉ ዓመት አምኜ ነበር። አሁን ሲስተካከል አየሁት፤ እሱም አየው፤ አይቶም ተመልሶ ተቀመጠ። ትናንት ሳሮን ሌላ ፍላጻ ስትስብ እኔ ዒላማውን አላየሁም። አንገቷን ነበር የማየው፣ ወደ ኋላ እንዳይሄድብኝ።