ከስክሪኑ ግርጌ የቀረው ፀጉር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ በየጾሙ የምነግራቸው ትናንሾቹን ነው፤ ጠጅ፣ ሐሜት፣ የጎረቤት ዶሮ በድንጋይ ማባረር። እሳቸውም ሰልችቷቸዋል፣ እኔም ሰልችቶኛል። ይሄኛውን ግን የቤት ሥራ እንዳልሠራ ተማሪ ከኋላዬ ደብቄ ኖርኩ። አሁን ደክሞኛል። መደበቅም ለካ ጉልበት ይፈልጋል።

አዳማ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የቴሌቪዥን ጣቢያ ቴክኒሻን ነበርኩ። ስርጭቱ ወደ ዲጂታል ሲዞር አዲስ ዕቃ መግዛት ስላልተቻለ፣ አሮጌውን የምስል ማስተካከያ ከአዲሱ ማሰራጫ ጋር እንዳግባባ እኔ ታዘዝኩ። አሮጌ የአሮጌን ቋንቋ ያውቃል ብለው ይሆናል። ቀጥዬ፣ በይጄ አግባባኋቸው። ያን ሰሞን መንገድ ስሄድ ደረቴ ይቀድመኝ ነበር።

ችግሩ ጥቁሩ ነው። የድሮው ምስል ጠባብ፣ የአሁኑ ቴሌቪዥን ሰፊ ስለሆነ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የከተማው ሰው፣ «ሙሉ ቴሌቪዥን ገዝቼ በግማሹ ታሳዩኛላችሁ?» እያለ አላስቀምጥ አለን። እኔም ምስሉን አጉልቼ ስክሪኑን ሞላሁት። ሲጎላ ታዲያ ከላይ ወይም ከታች መቆረጡ አይቀርም። የቱ ይቆረጥ? በኛ ዘንድ በዓል ሲቀረጽ ባለሥልጣናቱ ከኋላ ይቆማሉ፣ ሕፃናቱ ከፊት መሬት ላይ ይቀመጣሉ። የባለሥልጣን አናት ከተቆረጠ የእኔም እንደማይተርፍ አስቤ ከታች ቆረጥኩ። ማንም አላዘዘኝም። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። የድሮ ካሴቶቹን ሁሉ እንዲያ እየቆረጥኩ ወደ ኮምፒውተር ካስገባሁ በኋላ፣ ቦታ አጣበቡ ብዬ አቃጠልኳቸው። የብልህነቴን ነገር አያችሁ?

አንድ ቀን አዴ ጫልቱ የምትባል እናት ከሁሩታ መጣች። ልጇ ገመቹ ታሞ ሞቶባታል፤ ፎቶ የለውም። በትምህርት ቤቱ በዓል ሲዘምር ጣቢያችን ቀርጾት፣ ያኔ ጎረቤት ቤት ሆና በቴሌቪዥን አይታዋለች።

«ጋሼ፣ ከፊት ነው የተቀመጠው። የፊት ጥርሱ የወለቀ፣ የሚያጨበጭበው። ያዩታል» አለችኝ።

ከፈትኩላት። ትልልቆቹ ሰዎች ከነኮፍያቸው ሙሉ ናቸው። የሕፃናት ዝማሬ ይሰማል፤ ሕፃናት የሉም። ከስክሪኑ ግርጌ ጠርዝ ላይ ብቻ ትንሽ ፀጉር ብቅ ጥልቅ ይላል። አዴ ጫልቱ ጣቷን እዚያ ላይ አሳረፈች።

«ይሄስ?»

«የካሴቱ ቆሻሻ ነው።»

«ኧረ ጋሼ፣ ባይኔ አይቼዋለሁ እኮ!»

«ካሜራማኑ አልቀረጸውም፣ እህቴ። ሐዘን ሲበዛ ያላዩትንም ያሳያል።»

ካሜራማኑ ሞገስ ጓደኛዬ ነበር፤ ከሞተ ስለቆየ አልተከራከረኝም። እሷም ከዚያ ወዲያ አልተከራከረችኝም። «ገለቶማ፣ ጋሼ» ብላ አመሰገነችኝ። በሩ ላይ ስትደርስ ለራሷ፣ «እኔ ነኛ የተሳሳትኩት» አለች።

አልተሳሳተችም። ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ሳስገባ፣ ሳይቆረጥ በሚታይበት በአሮጌው ሞኒተር ላይ ገመቹን አይቼዋለሁ። እያጨበጨበ ብድግ ቁጭ ሲል፣ ያ ወላቃ ጥርሱ አስቆኝም ነበር። እያወቅሁ ነው ቆሻሻ ያልኩት። ምን ፈርቼ? ጡረታ ልወጣ ጥቂት ነበር የቀረኝ፤ ማን ያባርረኛል? አንዲት የገጠር እናት «ቴክኒሻኑ አበላሸው» እንዳትል ብቻ! ልጇን ከምስሉ ቆርጬ ሳበቃ፣ ከትዝታዋም ገብቼ ቆረጥኩት።

ሁሩታ ሩቅ አይደለም። ጉልበቴን ያመኛል እላለሁ፤ ድራፍት ቤት ለመሄድ ሲሆን ግን አያመኝም። አንዴ መናኸሪያ ሄጄ ሚኒባስ ውስጥ ተቀመጥኩ። ሊንቀሳቀስ ሲል፣ «ዕቃ ረስቻለሁ» ብዬ ወረድኩ። ረዳቱ፣ «አባባ፣ ምን ረሱ?» አለኝ።

ይቅርታ አልጠይቃችሁም፤ የተበደላችሁት እናንተ አይደላችሁም። የሁሩታ ሰው ይህን ካነበበ ግን እኔን ሳይጠብቅ ይንገራት። አያችሁ፣ ኑዛዜዬን እንኳ ሰው እንዲያደርስልኝ ስማጸን! ይሁን፣ ፈሪ ይበሉኝ፤ ብቻ ይድረሳት። አዴ ጫልቱ፣ ልጅሽ ከፊት ተቀምጦ ነበር። ሞገስ ቀርጾታል። ጣትሽን ያሳረፍሽበት ፀጉር የእሱ ነው።