ሞተሯን ዝም ያሰኘኋት ቀን

በሩ ከውጭ ሲቀረቀር እኔ ገና የእጄን ዘይት በጨርቅ እየጠረግሁ ነበር... ቤቱ ባዶ መስሏቸው ነው ብዬ «ኧረ ሰው አለ!» አልኩ። ቀጥሎ ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ።

ነገሩ የሆነው አብዮቱ ፈንድቶ መሬት ለአራሹ በታወጀ ሰሞን ነው። ረሃቡም ወሎን ገና አልለቀቀም። ቤቴ ኩታበር፣ ሥራዬ መካኒክ። መካነ ሰላም አካባቢ አንድ ገበሬ ማህበር ከባላባት የተወረሰች ትንሽ የናፍጣ ትራክተር ነበረችው። የእርዳታውን እህል ከመኪና መንገድ ወደ ላይ የምትጎትተው እሷ ብቻ ናት። «ዳገት ላይ ትለግማለች» ተባልኩና በእህል መኪና ተጭኜ ሄድኩ። መኪናው ከሰዓት ይመለሳል። እኔም አብሬው መመለስ አለብኝ፤ ሚስቴ እርጉዝ ናት፣ ወሯ ገብቷል።

ትራክተሯ የባላባቱ እህል ቤት ውስጥ ቆማለች። ስትነሳ ቀጭቀጭቀጭ... ሰፈሩን ታውካለች። ወዲያው ገባኝ። አየር የሚያስገባውና ጭስ የሚያስወጣው ቫልቭ ክፍተታቸው ሰፍቷል፤ በወጉ ስለማይከፈቱ ሞተሩ እንደልቡ አይተነፍስም። ክዳኑን ፈታሁ። ሞተሩን በእጄ አዙሬ ቫልቮቹ የሚዘጉበት ላይ አቆምኩት፣ ስሷን መለኪያ ብረት ክፍተቱ ውስጥ ከትቼ ያዝ ለቀቅ እስክታደርግ ድረስ ብሎኑን አጠበቅሁ... እውነት ለመናገር እንደዚያ ቀን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም። አስነሳኋት። ድምጿ የጠገበች ድመት!

የማህበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ይማም ግን ፊታቸው ጠቆረ። ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አስጠግተው አዳመጡና ወጡ። በሩ የተቀረቀረብኝ ያኔ ነው።

«ጋሽ ይማም፣ ምን አጠፋሁ?» አልኩ በበሩ ስንጥቅ።

«ድምጧን ምን አረግኸው?»

«ጋሼ፣ ድምፁ እኮ በሽታዋ ነበር! አሁን ነው የዳነችው። ዳገቱን ላውጣትና ይዩ።»

«ወላሂ አትነካትም! ከነእህሉ ገደል ብትገባብን ሰዉን ምን እናበላለን? የባላባቱ ሰዎች ናቸው የላኩህ?»

ደነገጥኩ። ያን ጊዜ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቃለን። ማልኩ፣ ለመንኩ፣ ስለ ቫልቭ አስረዳሁ... ጋሽ ይማም ሰምተውኝ ሲያበቁ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ዘንድሮ ብዙ ሰው ቀብሬያለሁ። ሊሞት የደረሰ፣ መጀመሪያ ድምጡ ነው የሚጠፋ።»

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ከሩቅ የመኪናው ክላክስ ተሰማ፤ ሾፌሩ እየጠራኝ ነው። ሚስቴ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። ተነሳሁ፣ ክዳኑን መልሼ ፈታሁ፣ አሳምሬ ያጠበቅሁትን ብሎን በገዛ እጄ አላላሁት።

አስነሳኋት። ቀጭቀጭቀጭ... በሩ ተበረገደ። ደጅ ላይ እህል ሲጠብቅ የዋለው ሰው እልል አለ። ጋሽ ይማም አቅፈው ሳሙኝ።

«አልሃምዱሊላህ! ነፍስ ዘራህባት!»

«እንግዲህ ልሂድ ጋሼ፣ መኪናው...»

«የት ነው እምትሄድ?» አሉ ትከሻዬን እንደያዙ፣ በፍቅር። «ዝም የምታሰኛትም አንተ፣ የምታስጮኻትም አንተ። እንዴት ብለን ነው እምንለቅህ?»

መኪናው ጥሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን በር አልተቆለፈብኝም። መኝታ ሰጡኝ፣ ከሌላቸው ላይ አጎረሱኝ፣ አከበሩኝ። ግን ወደ ቤቴ የሚወስደውን የአቀስታን መንገድ በያዝኩ ቁጥር የማህበሩ ጥበቃ ጠመንጃውን እንዳነገተ ፈገግ ይልና «ልሸኝህ» ይለኛል... የሚሸኘኝ ወደ ትራክተሯ ነው። እሷም እንደለመደችው ዳገት ላይ ትለግማለች፤ እኔም ከሰው ጋር ተሰልፌ እገፋታለሁ።

በመጨረሻ ለቀውኝ ቤቴ ገብቼ ልጄን ያየኋት መዳኽ ጀምራ ነው። ሚስቴ ታሪኩን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«ምነው በታሰርክ! ስንቅ ቋጥሬ መጥቼ አይህ ነበር።»