ቦታ የተቀያየርን ቀን

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት እናት መንታ ሕፃናቷን ልታስከትብ ጤና ጣቢያችን መጣች። ክፍሉ ስፒርት ስፒርት ይሸታል። አንደኛዋን ወግቼ ጥጥ ላመጣ ዞር ብዬ ስመለስ ሁለቱም ያለቅሳሉ። «የተከተበችው የትኛዋ ናት?» ስላት እናትየዋ ሳቀችና ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅላ «ቱን፣ ይቺ ናት» ብላ አሳየችኝ። እኔ ግን ጥጡን እንደያዝኩ መንታ እህቴ ትዝ ብላኝ ቆሜ ቀረሁ።

አምቦ ውስጥ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርን፤ መልካችንም ድምፃችንም አንድ። አንድ ከሰዓት፣ ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ የጠመኔው ብናኝ እየታየ፣ የፊዚክስ መምህራችን ተማሪዎቹን ዓይን አስጨፈኑና እኔንና እህቴን በምልክት ቦታ አቀያየሩን።

«አሁን ግለጡ። ምን ተለወጠ?»

«ምንም» አለ ክፍሉ።

«ሲሜትሪ ማለት ይኼ ነው» አሉ መምህሩ። «ነገሩን ታዞሩታላችሁ፣ ታቀያይሩታላችሁ፤ እሱ ግን እንደነበረ ነው። እንዲህ ያሉ ለውጦች በአንድነት ግሩፕ ይባላሉ። የፊዚክስ ሰዎች በዚህ ሒሳብ ተመርተው፣ ማንም ያላየውን ቅንጣት አለ ብለው ፈልገው አግኝተዋል።»

እኔ የእህቴ ወንበር ላይ ግራ ተጋብቼ ተቀምጫለሁ። ወንበሩ በእሷ ገላ ሞቋል፤ ሰሌዳው በሌላ ጎን ይታየኛል። እንዴት ምንም አልተለወጠም ይባላል?

ወደ ቤት ስንመለስ የሁሉቃ ወንዝን ድልድይ እየተሻገርን እህቴን «ገባሽ?» አልኳት።

«አልገባኝም» አለች። «ግን እንደዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም።»

እሷ ፊዚክስ አጠናች፣ እኔ ነርስ ሆንኩ። ጎጆ የምትባል ደጋ ከተማ ተመድባ ስታስተምር ማታ ማታ እየደወለች ልታስረዳኝ ትሞክር ነበር።

«ሁለት ኤሌክትሮኖች ቦታ ሲቀያየሩ የቀመሩ ምልክት ከፕላስ ወደ ማይነስ ይገለበጣል» አለችኝ አንድ ጊዜ።

«ተለወጠ ማለት ነዋ።»

«ተለውጧል። ግን በምንም መሣሪያ ለክተሽ አታገኚውም። እንዲያ ባይሆን ደግሞ ድንጋይም ሰውም እንዳለ አይቆምም ነበር።»

ያን ጊዜም አልገባኝም። ዛሬም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ገብቶኝ አይደለም። ስመጣ ወረቀት ላይ አሳይሻለሁ አለችኝ። አልመጣችም። የጎጆ ብርድ ሳንባ ምች ሆነባት፤ በዚያ ኮረኮንች መንገድ በመኪና ተጭና አምቦ ሆስፒታል ስትደርስ ጊዜው አልፎ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ዕቃዋን ላመጣ ወደ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። መጻሕፍቷ ታስተምርበት በነበረው ክፍል ውስጥ ስለነበሩ በሩን ገፍቼ ገባሁ። እርጥብ ሱፍ ሹራብ ይሸታል። ወንበሮቹ ተንጓጉ፤ ተማሪዎቹ ሁሉ ተነሱ። «አካም ቡልተን፣ ቲቸ…» ብለው እንደ ልማዳቸው በኦሮምኛ የጠዋት ሰላምታ መስጠት ጀመሩና ድምፃቸው መሃል ላይ ጠፋ። ፊት ለፊት ያለች ልጅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

እሷ የምትቆምበት ቦታ፣ ሰሌዳው ፊት ቆምኩ።

«ተቀመጡ» አልኳቸው።

ያንኑ የእሷን ድምፅ ሲሰሙ ተቀመጡ፤ አንዳንዶቹም ደብተራቸውን ገለጡ።