ከግድግዳው ማዶ የተሰማው ጸሎቴ

ከሚሴ ከተማ ውስጥ አንድ ግድግዳ ከምንጋራው ጎረቤቴ ከጋሽ ከድር ጋር ከጣሪያ በሚወርድ ውሃ ተጣልተን ሰላምታ ካቋረጥን ሰንብተን ነበር። የንስሐ አባቴ ይህን ሲሰሙ፣ “ወንጌሉን እየሰማሽ ቂም መያዝ ምንድን ነው? በየማለዳው ስማቸውን እየጠራሽ ጸልዪላቸው” አሉኝ። እየተናነቀኝም ቢሆን ጀመርኩ።

አንድ ማለዳ ዳዊቴን ደግሜ ሳልጨርስ የቤቴ በር በኃይል ተደበደበ። ስከፍት ጋሽ ከድር ናቸው፤ ዓይናቸው ደም መስሏል።

“ማለዳ ማለዳ ስሜን የምትጠሪው ምን ልታደርጊኝ ነው?” አሉኝ።

ክው አልኩ። “ኧረ በእመቤቴ! እየጸለይኩልዎት ነው” አልኳቸው።

አፍጥጠው ጠጋ አሉኝ። ሊመቱኝ ነው ብዬ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። እሳቸው ግን የበሩን መቃን ተደግፈው ማልቀስ ጀመሩ።

“ልጄ ሀዋ ምጥ ጸንቶባት ሆስፒታል ናት። ወላሂ የማደርገው ጠፋኝ። እባክሽ የሷንም ስም ጨምሪበት።”