ከጉብታው ላይ የተደወለ ቃጭል

ባለፈው ጥቅምት አንድ ወጣት ሳይክሉን እየገፋ ሱቄ ገባ። ከሐዋሳ ተቀይሮ የመጣ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነው። ለተበሳ ጎማው መለጠፊያ ከገዛ በኋላ ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ።

«ጋሼ፣ ከአስፋልት ወጣ ያለ፣ ለሳይክል የሚሆን መንገድ ያውቃሉ? ካርታው ላይ ምንም የለም።»

«ስልክህ ምን ያድርግ፤ እሱም እንዳንተ እንግዳ ነው» አልኩት።

ሳቀ። ሲስቅ ግን ዓይኑ አልሳቀም። ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ እኔም አንድ ሰሞን እንደዚያ እስቅ ነበር።

የመለዋወጫ ነጋዴ ነኝ። የሚያበላኝ የባጃጅ ዕቃ ነው። የሳይክሉን ዕቃ የምይዘው ለልማድ ነው እንጂ በዚህ ዳገት አገር ሳይክል መሸጥ ለዓሣ ጃንጥላ እንደመሸጥ ነው። እኔ ራሴ ደብረ ታቦር የገባሁት ከሳይክሌ ጋር ነበር፤ እሱ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ፣ እኔ ውስጥ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ባሕር ዳር ያደገ ሰው ከእግሩ ይልቅ ጎማውን ያምናል፤ አገሩ ሜዳ ነዋ። የተነሳሁትም በሌላ ምክንያት አይደለም፤ ባሕር ዳር ላይ እንደ እኔ ያለ ባትሪና ሳሙና ሻጭ ከገዢው በዝቶ ነው።

ሥራው ክፉ አልነበረም። ክፉው እሁድ ነበር። በአምስት ወር ውስጥ ከአፌ የወጣው ቃል ቢለቀም «ስንት ልስጥህ»ና «አይቀንስም» ብቻ ይገኝ ነበር። በተከራየኋት ክፍል በጭቃው ግድግዳ በኩል የጎረቤት ሳቅ ይሰማኛል፤ ሳቁ እንጂ ቀልዱ አይሰማም። በጥቅምት አንድ አጥንት ይላሉ፤ አጥንቱን ገዝቼ ብቻዬን ስግጠው ብርዱ ባሰብኝ።

ስለዚህ እሁድ እሁድ ሳይክሌን ይዤ መውጣት ጀመርኩ። ወደ ገሳይ የሚወስደው መንገድ ያኔ ጠጠር ነበር። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ከወፍጮ ቤት የወጣሁ እመስላለሁ። ከዋናው መንገድ እየወጣሁ የእግር መንገድ ሞከርኩ፤ አንዱ ወንዝ ውስጥ አለቀ፣ ሌላው ውሻ ጥርስ ውስጥ። በመጨረሻ ለራሴ ቀጠሮ ሰጠሁ፤ እስከ ኅዳር ማለቂያ አንድ ደህና መንገድ ካላገኘሁ ሳይክሌን ሸጬ ወደ ባሕር ዳር እመለሳለሁ። ሰበቡ መንገድ ነው እንጂ ነገሩ ሌላ እንደነበር አሁን ይገባኛል።

በኅዳር ሦስተኛ እሁድ አገኘሁት። ከጉብታው አናት ላይ በታጨደ የገብስ ማሳ መሀል የሚወርድ፣ ከብት የጠቀጠቀው፣ እንደ ምንጣፍ የለሰለሰ መንገድ። የጉና ተራራ ከፊቴ፣ የጭድ ሽታ ከግራ ከቀኝ። እግሬን ከፔዳሉ አንስቼ ለቀቅኩት። ከአምስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኼ ሳቅሁ። ከታች አንዲት ሴት ደጃቸው ላይ ገብስ ሲያሰጡ አየኋቸው፤ ቀና ብለው አዩኝ። ፍሬኑ አልይዝ ስላለኝ ዓይኔ ከጎማው አልተነሳም። አጥራቸው ሥር ያለው ቦይ ነው ያቆመኝ። ተነስቼ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ፤ ትንፋሼ አላናግር ብሎኝ ነበር።

ሴትዮዋ ሰፌዱን ጣሉት።

«የሺ! ልጄን! ወይኔ ልጄን!»

በዚህ አገር ሰው በሰው ደጅ ሲያልፍ ይቆማል፤ ስለ እህሉ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጁ ይጠይቃል። ሰላም ሳይል እየሮጠ የሚመጣና መጥቶም አንገቱን ደፍቶ ዝም የሚል ሰው አንድ ብቻ ነው፤ መርዶ የያዘ። ይህን እናቴ አስተምራኝ ነበር። ጎማ ላይ ስወጣ ረሳሁት። የሴትዮዋ ልጅ የሺ ደግሞ ዓረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ ከጠፋ ስምንት ወር ሆኖት ነበር።

ጎረቤቱ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ሲጎርፍ ትንፋሼ መለስ አለ። አያ መኮነን የሚሏቸው ሽማግሌ ክንዴን ያዙኝ።

«ተናገር! ማን ነው የላከህ?»

«ማንም አልላከኝም አባቴ።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«መንገድ ፍለጋ።»

«ጠፍቶብህ ነው?»

«አይ… ሳይክል የምነዳበት።»

«ነድተህ የት ልትደርስ?»

«ተመልሼ ደብረ ታቦር።»

«ከየት ተነስተህ?»

«ከደብረ ታቦር።»

ሽማግሌው ወደ ሰዉ ዞሩ። «ይኼንስ ጠበል ውሰዱት» አሉ። ከኋላ አንዱ በነጠላው አፉን ሸፍኖ ሲስቅ ሰማሁ።

እናትየው ግን አልሳቁም። መጥተው ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙና «ማል» አሉኝ። ማዶ ባለው ታቦት ማልኩላቸው፤ ልጃቸውን አላውቃትም፣ ወሬም አልያዝኩም። አፈር ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። መሬት እንድትውጠኝ ፈልጌ ነበር፤ ከገበያ ተምሬ የማላውቀው ነገር ቢኖር እንዲህ ያለ ዕዳ በምን እንደሚከፈል ነው።

ከዚያ የሆነውን እስካሁን አልረሳውም። እማማ ታንጉት፣ ስማቸው ይህ ነው፣ የተላጠ እጄን አጥበው ድንች ቀቅለው በደቆስ በርበሬ አቀረቡልኝ። አምስት ወር ሙሉ ሰው ቤት ቀምሼ አላውቅም። ድንቹ አቃጠለኝና ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ያመካኘሁት በበርበሬው ነው።

«እናት አለህ?»

«አለችኝ።»

«ደህና ነኝ ብለህ ልከህባታል?»

ድንቹ ላይ አቀረቀርኩ። እሳቸውም ሌላ ድንች ላጡልኝ።

ስሄድ እስከ ቦዩ ሸኙኝና የሳይክሉን ደወል በጣታቸው ነኩት። «ይቺን ቃጭል ጉብታው ላይ ስትደርስ አጩኻት። ከዚያ ወርደህ እየገፋህ ና፤ በየደጁ እንደምን ዋላችሁ በል። በእግሩ ሆኖ ሰላም እያለ የሚመጣ ሰው ክፉ አይዝም።»

እንዲያ አደረግሁ። እሁድ በመጣ ቁጥር ጉብታው ላይ ቃጭሌን አጮኻለሁ፣ የሚያምረውን ቁልቁለት በእግሬ እወርዳለሁ። ሳይክል ነጂ የሚገፋበት ቁልቁለት ማግኘት የእኔ ዕድል ነው። ግን በየደጁ ስቆም አንዱ የእንጨት ለቃሚዎቹን መንገድ፣ ሌላው ክረምት የማይጨቀየውን ነገረኝ። በእኔ ለማሾፍ አያ መኮነን በየሳምንቱ «ደብረ ታቦርን አገኘሃት?» ይሉኛል። ሳይክሉን አልሸጥኩም፤ ሻንጣዬን ግን ገና ከአልጋው ሥር አላወጣሁም ነበር።

በጥር አንድ እሁድ ትኩሳት ጣለኝና ቀረሁ። ማክሰኞ ገና እየተንቀጠቀጥኩ መደቤ ላይ ተቀምጬ እማማ ታንጉት በገበያው መሀል ከነጋዴ ነጋዴ እየዞሩ ሲጠይቁ አየሁ። የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ስሜን እንኳ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ «የቃጭሉን ልጅ አላያችሁትም?» ነው የሚሉት።

አዩኝ። መጥተው ግንባሬን ዳሰሱ።

«አለህ?»

«አለሁ እማማ።»

«በቃ» አሉና ተመለሱ። ሻይ ልጋብዝ ብል እምቢ አሉ። ዞረው እስኪጠፉ አየኋቸውና ያን ቀን ማታ ሻንጣዬን ፈታሁ። ለእናቴም ደብዳቤ ጻፍኩ።

የሺ በሁለተኛው ዓመት መጣች፤ ቀጥናም ቢሆን በእግሯ። እማማ ታንጉት ካረፉ ቆይተዋል። ልጆቼ ከእናታቸው ጋር አዲስ አበባ ናቸው፤ ጉልበቴ ሳይክል ከከለከለኝም ሰነበተ።

ለሐዋሳው ልጅ መንገዱን ወረቀት ላይ ሣልኩለት። የት የት መውረድ እንዳለበትም ነገርኩት። ሳይክሉ ደወል አልነበረውም፤ ከመደርደሪያው አንዱን አውርጄ በነጻ አሰርኩለት። ነጋዴ በነጻ ሲሰጥ ጠርጥር አልኩት፤ «እሁድ ጠዋት ስታልፍ በሱቄ በር ላይ አጩኸው።»

ስድስት እሁድ አጮኸው። ሱቄን እሁድ የምከፍተው ለገበያ አልነበረም። ባለፈው እሁድ ግን እስከ ቀትር ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ስሙን ጠይቄው አላውቅም። ሱቄን ቆልፌ፣ ከዘራዬን ይዤ ወደ ዩኒቨርሲቲው በር እያዘገምኩ ነው፤ ዘበኛውን ምን ብዬ እንደምጠይቀው አውቃለሁ።